ያልተደረገው የኩሌ ጨዋታ

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሰረዝኩት። ገና ሳይነጋ ለሁሉም ደወልኩ፦ የኩሌ ጨዋታ ዛሬ የለም፣ ወደ ካምፑ የሚወስደውን መንገድ ውሃ ሞልቶታል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡን ሲያወርደው ነው ያደረው። የሰው ልጆችን በሚኒባስ ጭኜ በዚያ ውሃ ላይ አልልክም። የክረምት ዋንጫው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የምጠየቀውም እኔ ነኝ።

ኦጅዋክ ግን "መንገዱን ማን አየው?" አለኝ።

"ዝናቡን አልሰማህም እንዴ?"

"ዝናቡንማ ሰማሁ።"

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ዛሬ ወደ ኩሌ ሊሄድ የነበረው የወደብ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ልጅ ሆነን ባሮ ዳር አሸዋው ላይ አብረን ኳስ የገፋን ሰው ነው። እንዲህ ዝም ሲለኝ አልወድም።

ልጄ ሙአዝ ለወደብ ነው የሚጫወተው። ማሊያውን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ስደውል ሰማኝ። ተመልሶ ገባና ተኛ።

ጥሩ አደረግኩ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

አብዱልባሲጥ ለመኪናው አምፖል ሊገዛ የመለዋወጫ ሱቄ መጣ። በዚያው በኩሌ መንገድ ከኢታንግ ዓሣ የሚያመጣ የኢሱዙ ሹፌር ነው።

"ትናንት ጠዋት ነው የገባሁት" አለኝ።

"በየት በኩል?"

"በየት ሊሆን፣ በመንገዱ ነዋ።"

"ውሃውስ?"

"ነበር። እስከ ጎማው ግማሽ። ቀስ ብዬ አለፍኩት።"

ሚኒባስ ያልፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያልፋል ይበል አያልፍም ይበል አልገባኝም። "የሹፌሩ ነው። ልብ ካለው ያልፋል።"

ቀኑን ሙሉ ይህችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ናት። ለባጃጅ ካንዴላ የጠየቀኝን ልጅ የፍሬን ገመድ ሰጥቼ መለስኩት።

ኢሱዙና ሚኒባስ አንድ አይደሉም። ኢሱዙ ከፍ ያለ ነው። ኢሱዙም ቢሆን ግን... ልተወው።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እዚህ ላስቀምጠው፤ ምናልባት ይጠራልኝ ይሆናል።

በክረምት ዋንጫችን አምስት ቡድኖች አሉ። እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ አራቱ ግማሽ ፍጻሜ ይገባሉ። አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይጫወታል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በየራሳቸው ሜዳ ያስተናግዳሉ። ከእሑዱ በቀር ሁሉም ጨዋታ አልቋል። ወደብ ሰባት ነጥብ አለው፣ ንጋትም ሰባት፣ ኩሌ ስድስት፣ ድልድይ አራት፤ አምስተኛው ወድቋል። ንጋትና ድልድይ ጨርሰዋል፤ ወደብና ኩሌ ግን የእሑዱ ጨዋታ ይቀራቸዋል።

ለሌላው በሜዳው መጫወት ማለት ደጋፊ ማብዛት ነው። ለኩሌ ልጆች ግን ሌላ ነው። ስደተኞች ናቸው፤ ከካምፑ ወጥተው ከተማ ለመግባት እያንዳንዳቸው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ ፈቃዱም ለሁሉም በአንድ ቀን አይደርስም። ከድልድይ ጋር ሲጫወቱ በዘጠኝ ሰው ነው የጀመሩት። ቢያሸንፉም በዘጠኝ ነው የጀመሩት።

ዛሬ የኮሚቴያችን አባል የሺአረግ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተሰበሰብን። የስፖርት መምህርት ናት፤ ነገር መጎተት አትወድም።

"አቻ እንበለውና አንድ አንድ ነጥብ እንስጣቸው" አለች። "ማንም አልተጫወተም፣ ማንም አላሸነፈም።"

እንደዚያ ከሆነ ወደብ ስምንት ይሆናል። ኩሌና ንጋት እኩል ሰባት ይሆናሉ፤ ሲገናኙ ግን ንጋት ስላሸነፈ ሁለተኛው ንጋት ነው። ኩሌ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ከተማ ይመጣል።

ጸሐፊያችን ኝዎን አልተስማማም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ወጣቶችን የሚያስተባብር ረጋ ያለ ልጅ ነው። "ጋሽ ኢድሪስ፣ ያልተጫወቱት ጨዋታ ነጥብ የለውም። በተጫወቱት ልክ እናካፍለው።" ኩሌ በሦስት ጨዋታ ስድስት ነጥብ፣ ለአንድ ጨዋታ ሁለት ማለት ነው። ንጋት በአራት ጨዋታ ሰባት፣ ከሁለት ያንሳል። እንዲህ ሲሰላ ኩሌ ሁለተኛ ይሆንና ንጋት ወደ እነሱ ይሄዳል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናሉ?

"ወይ ደግሞ ጨዋታውን እናድርገው" አለ ኝዎን።

"መንገዱ" አልኩ።

"እስከ እሑድ ሊደርቅ ይችላል።"

"መንገዱ አልኩ እኮ!"

ጮኼ ነበር መሰለኝ። የሺአረግ ቀና ብላ አየችኝ።

በሁለቱም ስሌት ወደብ አንደኛ ነው፣ ለሙአዝ ብሎ አደረገው የሚለኝ አይኖርም ብዬ እጄን ለአቻው አነሳሁ። ተወሰነ።

አሁን ሳስበው ወደብ አንደኝነቱን ሊያጣ የሚችለው በስሌት አልነበረም። ሜዳ ላይ ነበር። ይህን ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም።

ነሐሴ 15

ሱቁ ሰው በሰው። ኝዎን ለኩሌ ደውሎ ነገራቸው።

"ምን አሉ?"

"እሺ አሉ።"

"እሺ ብቻ?"

"እሺ ብቻ።"

ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 16፣ ጁምዓ

ከሰላት ስወጣ ጫማዬን እየፈለግኩ ጎንበስ ባልኩበት ከኋላዬ ሰማሁ። "ለልጁ ብሎ ነው እንጂ ምን ውሃ አለ።" ሌላው ሳቀ። ዞር አላልኩም። የሳቀው ግን ሁልጊዜ ከእኔ ሱቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው፤ ሳቁን አውቀዋለሁ።

ለልጄ ብዬ አይደለም። ማለቴ፣ እነሱ በሚሉት መንገድ አይደለም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጋትደት መጣ። የኩሌ አሰልጣኝ ነው፣ ካምፕ ውስጥ አስተማሪ። ረጅም ሰው ነው፤ ሱቄ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። አማርኛውን እዚህ ነው የተማረው፤ አንቱታ የሚባል ነገር የለውም፣ ለሁሉም አንተ ነው። እኔ ግን ንቀት ሰምቼበት አላውቅም።

"አቶ ኢድሪስ፣ ለመጣላት አልመጣሁም። ለመጠየቅ ነው።"

"ጠይቅ፣ መምህር።"

"እሑድ መንገዱን አንተ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ማን አየ?"

ዝናቡ አልኩት። እንዲህ ያለ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ምን እንደሚሆን ይታወቃል አልኩት።

"እኛም ጋ ዘነበ። ልጆቹ ከሜዳው ውሃ በባልዲ ሲቀዱ ነጋ። መስመሩን በአመድ አሰመርን። ጠበቅን። ከዚያ ስልክ መጣ።"

"ለሰው ሕይወት ፈርቼ ነው።"

"እሺ። ሕይወት ጥሩ ነው" አለና ቆም አለ። "ግን አቻ ማለት ተጫውቶ ነው። እኛ አንድ ፖይንት ስጡን አላልንም።"

ደንቡ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደንቡ ውስጥ ስለተሰረዘ ጨዋታ አንድ ቃል የለም። ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ።

ለስላሳ ከፈትኩለት። ግማሹን ጠጥቶ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ።

"አንድ ነገር አልገባኝም። ሦስተኛ ነን፣ ወደ ከተማ እንመጣለን። የምንመጣው በዚያው መንገድ ነው። ለእኛ ሲሆን ውሃ የለም?"

መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ።

አመሻሽ ላይ ኦጅዋክን ፍለጋ ባሮ ዳር ወረድኩ። ልጆቹን ሲያሯሩጥ ቆይቶ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወንዙ ቀይ ሆኗል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። እግሬን አልነከርኩም።

"አንደኛ ሆነሃል፣ ምን አኮረፈህ?" አልኩት።

"ልጆቼ አንደኛ መሆናቸውን አያምኑም" አለ። "ሰው ደግሞ ኢድሪስ ነው የሰጣችሁ ይላቸዋል። ትናንት ተጣልተው ለያየኋቸው።"

"ብትጫወቱና ብትሸነፉስ?"

"እንሸነፋለና! ኳስ ነው እኮ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንተ ልታድነን እንደፈለግክ አውቃለሁ። ከምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም።"

ከውሃው አልኩት። ከውሃው አለ እሱም፤ ጥያቄ ይሁን መልስ አልለየሁትም።

ነሐሴ 20፣ ማታ

ባለቤቴ ነጅሚያ ዛሬ ክፉ ነገር ተናገረችኝ። ክፉ አይደለም። ግን ራት አልበላሁም።

ልብስ እያጠፈች ነበር። እኔ ስለ ነጥቡ እየነገርኳት ነበር፣ ስለ አቻውና ስለ ማካፈሉ። እሷ ኳስ አይገባትም ብዬ ቀስ እያልኩ ነው የማስረዳት። ድንገት እጇን አቆመች።

"ኢድሪስ፣ ከሁዘይፋ ወዲህ በዚያ መንገድ አንድ ቀን ሄደህ ታውቃለህ?"

"ምን አገናኘው?"

"ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔ የማወራሽ ስለ ጨዋታ ነው!"

ልብሱን ይዛ ገባች።

ሁዘይፋ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከሦስት ክረምት በፊት ለኢታንግ ነጋዴዎች ዕቃ ጭኖ ሲሄድ ኢሱዙው የኩሌ መንገድ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ጠዋት ደውሎ "ዝናብ አለ፣ ልሂድ ልቅር?" ብሎኝ ነበር። ዕቃው የእኔም ስለነበረበት ሂድ አልኩት። ሙአዝ አብሮት ነበር። ሙአዝን የአካባቢው ሰዎች ከቁጥቋጦ ላይ አወረዱት። ሁዘይፋን ያገኙት በማግስቱ ነው። ሙአዝ ስለዚያ ቀን አውርቶኝ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አላህ ይዘንለት።

ይህ ሁሉ ስለ ግማሽ ፍጻሜ ድልድል ምንም የሚናገረው ነገር የለም። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ለማየት ብቻ ነው፤ ሰብሳቢ መንገዱን ማየት አለበት። ለአብዱልባሲጥ ጠዋት ደውዬ አብሬህ ልሂድ አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም። ዝቅ ያለው ቦታ ስንደርስ ሳልነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ። ውሃው ከዳር ቆሟል፣ መንገዱ ላይ ጭቃ ብቻ ነው። ሁለት ሴቶች በመረብ ዓሣ ያወጣሉ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን አላውቅም። መስኮቱን ከፍቼ ለሁዘይፋ ፋቲሓ ቀራሁለት። አብዱልባሲጥ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። ከዚያ አለፍን። በቃ፣ ታለፈ።

ጋትደትን ትምህርት ቤታቸው ጋ አገኘሁት። ደነገጠ። ሜዳውን አሳየኝ። አንዱ ጥግ ረግረግ ነው፣ ሌላው ደህና ነው። እዚያ ስንቆም አንዲት ሴት መጥታ በኑዌር ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረችኝ። ኛፑዎክ ትባላለች፣ የበረኛው እናት ናት። ጋትደት ሳይተረጉምልኝ ወደ ሜዳው አየ።

"ምን አለች?"

"ተወው።"

"ንገረኝ እንጂ።"

"ያን እሑድ ለእንግዶቹ ምግብ ሠርተን ነበር ነው የምትለው። ከየቤቱ ከራሽኑ ተዋጥቶ። ምን አድርገናቸው እንደቀሩ ጠይቀው ነው የምትለው።"

እነሱ ከሚበሉት ቀንሰው ለእኛ ልጆች ምግብ ሠሩ። እኛ እነሱ ሲመጡ ውሃም ያቀረብንበትን ቀን አላስታውስም።

"ምንም አላደረጋችሁም በላት" አልኩ። "በእኔ ነው በላት።"

ተረጎመላት። አየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አልገባኝም።

"እሑድ እንጫወታለን" አልኩት ጋትደትን። ኮሚቴውን ሳልጠይቅ። አፌ ነው የቀደመኝ።

ነሐሴ 23፣ ጁምዓ

እንደፈራሁት ሆነ። የንጋት ሰዎች ሱቅ ድረስ መጡ። "ሁለተኛ ናችሁ ብላችሁን ነበር። አሁን ኩሌ ካሸነፈ ቦታችንን ልናጣ ነው። እኛ ምን አጠፋን?" ምንም አላጠፉም። ምንም አላጠፋችሁም አልኳቸው። "ታዲያ?" አሉኝ። ታዲያ።

የሺአረግ ስብሰባው ላይ ተቆጣች። "አቶ ኢድሪስ፣ በደሉን ከአንዱ አንስተው ለሌላው ሰጡት እኮ። ያን ረቡዕ ቢሆን እደግፍዎት ነበር። ከተወሰነ በኋላ ግን ሰው በምን ይመነን?"

"ልክ ነሽ።"

"እኔም ልክ፣ ኝዎንም ልክ፣ ንጋትም ልክ። እርስዎስ?"

እኔ አላውቅም አልኳት። እኔና ኝዎን እጃችንን አነሳን። የሺአረግ አላነሳችም። ሲያልቅ ግን "ዳኛ አለዎት?" ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኩ። "እኔ እዳኛለሁ" አለች።

ነሐሴ 25፣ እሑድ፣ ማታ

ትናንት ትንሽ ካፊያ ነበር። ሌሊቱን ሦስቴ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሙአዝ አጠገቤ ተቀመጠ። ከልጆቹ ጋር ኋላ መቀመጥ ነበር ልማዱ። ዝቅ ያለው ቦታ ስንደርስ ውሃ ነበር፣ ቀጭን፣ መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ። ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር። ኦጅዋክ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ሹፌሩን አቁም ልለው ነበር፤ አፌ ውስጥ ነበር ቃሉ። ሙአዝ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገና ወደ ሌላው መስኮት ዞረ። አለፍን። ልጆቹ ዘፈናቸውን አላቋረጡም።

የኩሌ ሰው ሁሉ ሜዳው ዙሪያ ነው። ጋትደት ልጆቹን አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነካ አስገባቸው፣ ሁሉም ነበሩ። መጀመሪያ ወደብ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ኩሌ በማዕዘን ምት አቻ አደረገ፣ የጩኸቱ ነገር! ከዚያ ሙአዝ ረግረጉ ጥግ ላይ ከተከላካይ ጋር ተጋጨና ወደቀ። ጉልበቱ። ተሸክመን አወጣነው። የተጋጨው ልጅ ራሱ ነው አንዱን እግሩን የያዘው።

አንድ ለአንድ አለቀ።

አቻ! ያን ረቡዕ በእጃችን የሰጠነው ውጤት። ወደብ ስምንት፣ ንጋትና ኩሌ ሰባት ሰባት። አንድም ነገር አልተለወጠም፤ የልጄ ጉልበት ብቻ። የሺአረግ ፊሽካውን ከአንገቷ እያወለቀች አየችኝ። ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም።

ጋትደት ይበሳጫል ብዬ ነበር። መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "አሁን ሦስተኛ ነን" አለ። እንደ መልካም ዜና ነው የተናገረው። ከዚያ ኛፑዎክና ሌሎቹ ሴቶች ምግቡን አመጡ፤ እኛም ልጆቹም አብረን በላን። ሙአዝ እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ ከበረኛው ጋር ያወራ ነበር። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አላወቅኩም።

ነሐሴ 27

ሐኪሙ አልተሰበረም፣ ግን አይጫወትም አለ። ነጅሚያ አልወቀሰችኝም። እኔ እየጠበቅኩ ነው።

ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ፦ "ለዚህ ለዚህ ምን አደከማችሁ፣ ያው አቻ አይደል?" የጠየቀኝን ዕቃ ሰጥቼ ሸኘሁት።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ግማሽ ፍጻሜ ተደረገ።

ወደብ፣ አንደኛው፣ በሜዳው፣ በአራተኛው በድልድይ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ሙአዝ ቢኖር ኖሮ ይሉኛል። ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል? ኦጅዋክ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ሳቀ፣ ከዚያ "አንደኛ!" ብሎ ደግሞ ሳቀ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ኩሌ ከበረኛቸው በቀር ሁሉም መጡ። የእሱ ፈቃድ በጊዜ አልደረሰም። ተከላካዩን በር ላይ አቆሙት፤ ያው ከሙአዝ ጋር የተጋጨውን ልጅ። ነጅሚያ ከሰፈር ሴቶች ጋር ሆና ለሁሉም የሚበቃ ምሳ ሠርታ ነበር፣ እኔ ሳልጠይቃት። ከንጋት ጋር እስከ መጨረሻው አንድ ለአንድ ሄዱ። ከዚያ ተከላካዩ በእጁ መያዝ የነበረበትን ኳስ በልማዱ በእግሩ ሊመታ ሄደና ሳተው። ሁለት ለአንድ።

በሜዳቸው ቢሆን በረኛቸው ነበር። ኝዎን እንዳለው ብናካፍል በሜዳቸው ነበሩ። ጨዋታውን ባላደርግ ግን ጋትደት እንደዚያ አይጨብጠኝም። ደግሞ ያኔ ባልሰርዘውስ? እያዞርኩ ሳየው እያንዳንዱ ከሌላው ጋር ይጣላብኛል። የሺአረግን ፍትሐዊ ሆነናል ወይ ብዬ ብጠይቃት "በመጨረሻው ወይስ በመጀመሪያው?" አለችኝ።

ጋትደት ልጁን አቅፎት ወጣ። ሲያልፍ "የሙአዝ ጉልበት እንዴት ነው?" አለኝ። ይሻለዋል አልኩት።

ጳጉሜን 3

ሙአዝ ዛሬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩ ትራስ ላይ። ሱቅ ልከፍት ስወጣ ጠራኝ።

"አባ፣ ያን እሑድ መንገዱ ደረቅ ቢሆን ትሰርዘው ነበር?"

ቁልፉን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ዝናቡን፣ ሚኒባሱን፣ ኃላፊነቱን ልነግረው ነበር። ለሁሉም የነገርኩትን።

"አላውቅም" አልኩት።

"እኔ አውቃለሁ" አለኝ።

ዞሬ አየሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የሁዘይፋን ቀን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሱቁን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።